«ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ከማለታችሁ በፊት ሞተሩ የታሰረበትን እንጨት እዩልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ማታ ማታ፣ ጋራዡን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሰሞኑን በሪሞት የሚበር ትልቅ ሞዴል አውሮፕላን ስለሠሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ሳነበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ ነሳኝ።

ጋዜጠኛው ልጆቹን የጠየቃቸው ሦስት ነገር ነው። ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ስንት ብር ፈጀባችሁ? መቼ ይበራል? ሞተሩን በምን ላይ አሰራችሁት ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔ ደግሞ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ሞተሩ በአራት ቡሎን ስስ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ላይ ታስሯል። ከቡሎኖቹ ሥር ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አይታይም። እዚያ ፎቶ ላይ የራሴን የድሮ ሥራ አየሁ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ጋ አንድ ተለማማጅ ልጅ አለ። አሁን 18 ዓመቱ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ለኢትዮጵያ በይፋ ስታስረክብ ጋራዥ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አብረን አየን። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊ መሐንዲስና በኢትዮጵያውያን እጅ አገራችን ውስጥ ተሠርታ የበረረች ናት። ልጁ ሥራውን ትቶ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ አውሮፕላን ሆነ። አዘዞ ባለው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ካቻቢቴውን እንደያዘ ወደ ውጭ ይሮጣል። «ጋሼ፣ እኛም እኮ ትንሽዋን መሥራት እንችላለን» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ መሃል 50 ሲሲ ሞተር አገኘን። እንጨት የሚቆርጥ የሰንሰለት መጋዝ ሞተር ነው። መጋዙ ተሰብሯል፣ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ግን ደህና ነበሩ። አላስፈላጊውን አካል ስናወላልቅለት ክብደቱ 2 ኪሎ ከትንሽ ሆነ። ክንፉን ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ቆርጠን በስስ ኮምፔንሳቶ ለበጥነው። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ60 ነው። አካሉን ከዋንዛ ቀጫጭን እንጨትና ከ3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሠራነው። ከሞተሩ ጋር ወደ 11 ኪሎ መጣ። ለማየት የሚያምር ነገር ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያዩት ነበር።

ፊት ለፊት ሞተሩ የሚታሰርበት ጣውላ አለ። እኛ ጋራዥ ውስጥ «ግንባሩ» እንለዋለን። ያን ግንባር የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጁ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። ለኮርኒስ ከተገዛ ኮምፔንሳቶ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ። ኤፖክሲ በሚባል፣ በአምስት ደቂቃ በሚደርቅ ሙጫ አጣበቅኩት። እጄ ግራሶ ነክቶት ነበር። አልታጠብኩም።

በማግስቱ እሁድ ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ጅራቱን በገመድ ከባሕር ዛፍ ምሰሶ ጋር አሰርነው። ሞተሩ በሁለተኛው ስበት ተነሳ። ልጁ ከደስታው ብዛት ይጮኻል። ቤንዚኑን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጨምር እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ድምፁ ተለወጠብኝ። 30 ዓመት ሞተር የሰማ ጆሮ ይህን ያውቃል፤ የሞተሩ ድምፅ ሳይሆን የእንጨት ድምፅ ገባበት። ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ ግንባሩ ከነሞተሩ ተገንጥሎ ወደ ፊት ወጣ። ፕሮፔለሩ መሬቱን መታ። ተሰባበረ። አንዱ ስባሪ የቆርቆሮውን አጥር በስቶ ወጣ።

ልጁ የቆመው ስባሪው ካለፈበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ነበር። እናቱ ጋራዥ ስታስገባው «ልጄን አደራ እልዎታለሁ» ብላኝ ነበር። ያን ቀን ቡና እንኳ መጠጣት አልቻልኩም። የአጥሩ ቀዳዳ ዛሬም አለ። አልደፈንኩትም።

ብዙ ሰው ሞተሩ የሚገነጠለው ጉልበቱ ስለሚበዛ ይመስለዋል። አይደለም። የእኛ አውሮፕላን ሲጎትት በስጋ ቤት ተንጠልጣይ ሚዛን ለክተነዋል። ወደ 8 ኪሎ ነው የሚስበው። 8 ኪሎ ምን አላት? ሕፃን ልጅ አዝላ ገበያ የምትሄድ እናት ከዚያ በላይ ትሸከማለች። እንጨቱን የሚገድለው መንቀጥቀጡ ነው። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ይፈነዳል። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ግንባሩን በመዶሻ እንደመምታት ነው። ሲሊንደሩ ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያመዛዝነው ጓደኛ የለውም። በዚያ ላይ የሞተሩ ክብደት ከግንባሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጎማው መሬት በደንብ ቢመታ 2 ኪሎው ለቅጽበት የ10 ኪሎ ያህል ሆኖ ወደ ታች ይጎትታል። ሙጫው ይህን ሁሉ የሚቀበለው ከጫፉ ጀምሮ እየተላጠ ነው።

አባቴ ገበሬ ነበር። ማረሻ ሲገዛ ብዙም አይጨነቅም። ወገል ሲገዛ ግን ከአንጥረኛው ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራል። ማረሻውንና ድግሩን ከሞፈሩ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ወገል ነውና። በሬዎቹ ቢጠነክሩ፣ ማረሻው ቢሳል፣ ወገሉ ከላላ እርሻው እዚያው ይቆማል። ግንባሩን ስሠራ አባቴን ባስታውስ ኖሮ እላለሁ።

ሁለተኛውን ግንባር ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ፤ ምናልባት እነዚያ ልጆች ያነቡታል።

መጀመሪያ እንጨቱ። ኮምፔንሳቶ ሁሉ አንድ አይደለም። ለኮርኒስ የሚሸጠው ከላይ ሲያዩት ቆንጆ ነው። ጫፉን በመጋዝ ቆርጣችሁ ተመልከቱት። ብዙውን ጊዜ ሦስት ንጣፍ ነው ያለው። የመሃሉ ለስላሳ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ባዶ ነው። ቡሎን ስታጠብቁበት ይሰረጉዳል። ዛሬ የጠበቀው ነገ ይላላል። ጥሩው ብዙ ስስ ንጣፍ ያለው፣ ጠንካራና ከበድ የሚል ነው። አናጢ ጎረቤቴ በጣቱ አንኳኩቶ በድምፁ ይለየዋል። ባዶ ካለው «ኮፍ» ይላል። ከአሮጌ የቢሮ ወንበር መቀመጫ ጥሩውን አገኘን። 6 ሚሊ ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች አንድ ላይ አጣብቀን 12 ሚሊ አደረግነው።

ሙጫው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኤፖክሲ ነው። የአምስት ደቂቃው ለትንሽ ጥገና ይሆናል። ለዚህ ግን አይሆንም። የምታጣብቁትን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ከዚያ በእጃችሁ አትንኩት። የጎንደር ሌሊት በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ ኤፖክሲን ያዘገየዋል። እኛ በሞርሳ አጥብቀን ሁለት ሙሉ ቀን ተውነው። ልጁ በየሰዓቱ እየመጣ «ደረቀ?» ይለኛል። አላስነካሁትም።

ሙጫ ብቻውን ግን አይበቃም። የአካሉን የጎን ግድግዳዎች ከግንባሩ ጋር ጥርስ በጥርስ አገናኘናቸው። ከውስጥ በአራቱም ማዕዘን የዋንዛ ሦስት ማዕዘን ደገፍንበት። ከዚያ ከጎን በኩል በግድግዳው አልፎ ግንባሩ ጫፍ ውስጥ የሚገባ ባለ 4 ሚሊ የእንጨት ችካል በየ3 ሳንቲ ሜትሩ መታንበት። አሁን ግንባሩ ወደ ፊት ሊወጣ ቢል ሙጫው ብቻ ሳይሆን ችካሎቹ ሁሉ መቆረጥ አለባቸው። ይህን ሐሳብ ያመጣው አናጢው ነው። የድሮ ቤት በር ያለ ሚስማር እንዴት እንደሚገጠም አሳይቶኝ ነው።

በመጨረሻ ግንባሩን ከፊትም ከኋላም፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር፣ በቀጠነ ኤፖክሲ ቀባነው። ቤንዚንና ዘይት እንጨት ውስጥ ቀስ እያሉ ይገባሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠንካራው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ ይሆናል።

ሞተሩ በቀጥታ ግንባሩ ላይ አልተቀመጠም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ከኋላው ስለሆነ አየር የሚስብበት ቦታ ይፈልጋል። ቶርኖ ቤት ሄደን አራት የአልሙኒየም መቆሚያ አስቆረጥን። አራቱም ርዝመታቸው አንድ መሆን አለበት፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ልዩነት እንኳ ስታጠብቁ ሞተሩን ያጣምመዋል። ቡሎኖቹ ባለ 6 ሚሊ ናቸው። ከኋላ በኩል ዳዶው (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው) እንጨቱን እንዳይበላው 2 ሚሊ የአልሙኒየም ላሜራና ሰፊ ሮንዴላ አደረግን። ዳዶው ውስጡ ላስቲክ ያለው፣ በራሱ የሚነክሰው ዓይነት ነው። ሞተሩ ላይ በቀጥታ የሚገቡት ቡሎኖች ላይ እንዳይላሉ የሚይዝ ሰማያዊ ሎክታይት ጨመርን። ከጠበቁ በኋላ በየዳዶው ላይ በሴት ልጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ላሜራው የሚያልፍ ቀጭን መስመር አሰመርን። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ኪያቬ ሳያነሱ በዓይን ብቻ ይታወቃል።

ስለ ጎሚኒ፣ ማለትም መንቀጥቀጥ ስለሚውጠው ጎማ፣ ደግሞ መናገር አለብኝ፤ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና። እኔም አሰብኩት። መኪናም ባጃጅም ሞተራቸው ጎሚኒ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ታዲያ ለምን አውሮፕላኑ ላይ አይሆንም? ሁለተኛውን ግንባር በሠራን ጊዜ የባጃጅ ጎሚኒ ቆርጬ ሞከርኩት። ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ላይ ጸጥ ይላል። ዝቅ ሲል ግን ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። የፕሮፔለሩ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። የጋዙ ዘንግም አብሮ ስለሚወዛወዝ ዙሩ አይረጋም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተለካ ጎሚኒ ያለው ሰው ይጠቀም። ያገኘነውን ጎማ ቆርጠን ከምናስገባ ግን በጠንካራ መቆሚያ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ይሻላል። እኔ አውጥቼ ጣልኩት።

ቀጥሎ አቅጣጫው አለ። ልጆቹ ሞተሩን ቀጥ አድርገው አስረው ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። ፕሮፔለሩ ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ፣ ጉልበት ሲጨመር አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ግራ ይስባል። ስለዚህ ሞተሩ 2 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ እንዲያይ ይደረጋል። እኛ የቡሎኖቹ የጎንዮሽ ርቀት 60 ሚሊ ነው። በግራ በኩል ባሉት ሁለት መቆሚያዎች ሥር 2 ሚሊ ሮንዴላ ስንጨምር 2 ዲግሪ መጣ። ግን ሞተሩ ሲዞር የፕሮፔለሩ እምብርትም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከግንባሩ እስከ ፕሮፔለሩ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሚሊ ይሸሻል። ስለዚህ ገና ቀዳዳውን ስትበሱ የሞተሩን መሃል 5 ሚሊ ወደ ግራ አድርጉ። እኛ ይህን ያወቅነው አንዱን ግንባር በስተን ካበላሸን በኋላ ነው። ሞተሩ በተቃራኒው የሚዞር ከሆነ ሁሉም ይገለበጣል። የመጋዝ ሞተር ላይ ፕሮፔለሩን በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ማሰርና በሌላው በኩል ማሰር ዙሩን ይለውጠዋልና ፕሮፔለር ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አዙራችሁ እዩት።

የፈረስ ጉልበቱ ጥያቄ እኛ አገር ላይ ለምን እንደሚያሳስት ልናገር። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ ሞተር እዚህ ሲመጣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ካርቡራቶሩም ቤንዚን ይበዛበታል፤ በከፍተኛ ዙር የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን «ኤች» የሚለውን ቡሎን በጥቂቱ መዝጋት ያስፈልጋል። ልጆች ይህን ሲያዩ ወዲያው የሚያስቡት ትልቅ ሞተር ነው። ትልቅ ሞተር ማለት ደግሞ የበለጠ ክብደትና የበለጠ መንቀጥቀጥ ማለት ነው፤ ግንባሩ ግን ያው ነው። ጋዜጣ ላይ «ይህን ያህል ፈረስ ጉልበት» ተብሎ ሲጻፍ የሌላ ከተማ ልጅ ያንን ለመብለጥ ይነሳል። እኔን ያስጨነቀኝ ይኼ ነው።

ክብደቱንም ስናመጣጥን ሞተሩን እንጂ እርሳስ አልተጠቀምንም። ክንፋችን ከፊት ወደ ኋላ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። አውሮፕላኑ ከክንፉ ፊት 12 ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ላይ በሁለት ጣት ሲነሳ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የእኛ ጅራቱ ይከብድ ነበር። መቆሚያዎቹን 2 ሳንቲ ሜትር ብናስረዝማቸው ተስተካከለ። ስለዚህ ግንባሩን ከማጣበቃችሁ በፊት አውሮፕላኑን ከነሞተሩ በክር አንጠልጥሉት።

አሁን ስንሞክር ደንብ አለን። ከፕሮፔለሩ ጎን ማንም አይቆምም። ከፊትም አይቆምም። የሚያስነሳውም ሰው እንዳስነሳ ወደ ኋላ ይመጣል። ሞተሩን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ጅራቱ አካባቢ ነው፤ እጅ ወደ ፕሮፔለሩ አይሄድም። ከአሥር ደቂቃ ሥራ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ቀዩ መስመር በባትሪ ይታያል። መስመሩን የሚያየው ልጁ ነው። ምልክቱን እሱ ሳያይ እኔም አላስነሳም።

አልበረረም። ይህን በግልጽ ልጻፍ። ማብረር ፈቃድ ይፈልጋል፤ የእኛ ሰፈር ደግሞ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። ፈቃድና ቦታ እስኪገኝ ድረስ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ይቆያል። ልጁ አንዳንዴ ይከፋዋል። እኔ ግን በየእሁዱ እያስነሳን ግንባሩን ማየት ራሱ ትምህርት እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ እስካሁን ቀዩ መስመር አንድም ቀን አልተሰበረም።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእነዚያን ወጣቶች ስልክ አታጡትምና፣ ሞተሩን ዳግመኛ ከማስነሳታቸው በፊት ይህን ደብዳቤ አንብቡላቸው። ጎንደር መምጣት ከቻሉ ግንባሩን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። የተረፈ ጥሩ ኮምፔንሳቶም አለኝ፤ ለአንድ ግንባር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ አውሮፕላን ሠራሁ የሚል ልጅ ጋ ጋዜጠኛ ስትልኩ ወደ ኋላ ዞሮ ውስጡን እንዲያይ ንገሩት። ማጣበቂያው ምንድን ነው? ስንት ቀን ደረቀ? ዳዶው ይነክሳል? ብሎ ይጠይቅ።

ሁለት ፎቶ ልኬላችኋለሁ። አንዱ አውሮፕላኑን ከፊት ያሳያል፤ ልጁ አጠገቡ ቆሟል። ሌላው ከውስጥ የተነሳ ነው፤ የዋንዛው ድጋፍ፣ ላሜራውና አራቱ ቀይ መስመሮች ይታያሉ። ቦታ ከጠበባችሁ የውስጡን አትሙልኝ።

አክባሪያችሁ
የባጃጅ መካኒክ፣ ከጎንደር